የአማቴ ደምና የበሬው ማዕድን

አማቴ ዋሽተው አያውቁም። ይህን የምለው የሚስቴ አባት ስለሆኑ አይደለም፤ ጠይቄ፣ አጣርቼ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡታጅራ ከብት ገበያ በሬ ሲገዙና ሲሸጡ ኖረዋል። «ይህ በሬ ያርሳል» ካሉ ያርሳል። «ይህኛው ይዋጋል» ካሉ፣ በሬውን ጎትቶ ያመጣው ባለቤቱ ራሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ ጤና መኮንኗ «አባባ፣ ጨው ይበላሉ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ተው ከተባልኩ ወዲህ የጨው ቅንጣት በዚህ አፍ አልገባችም» ሲሉ አመንኳቸው። ክንዳቸው ላይ የተጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ ግን አላመናቸውም።

እኔ የምኖረው ወልቂጤ ነው፤ ሥራዬ ለሬድዮ ዜና መዘገብ ነው። አማቶቼ ቡታጅራ ናቸው። በእምድብርና በአረቅጥ በኩል ደጋውን በሚኒባስ እያቋረጥኩ በየጊዜው እጠይቃቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ግን መንገዱን ከወትሮው አብዝቼ ተመላለስኩበት፤ ምክንያቱ የአማቴ ዓይን ነበር።

ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰዋል። የዓይን ሐኪሙ መርምሮ፣ «ቀላል ነው፤ ሞራውን አውጥተን ሌንስ እንተካለን። ነገር ግን ግፊትዎ እንዲህ ከፍ ብሎ ዓይንዎን አልነካም። አውርደው ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። አማቴ ይህን የሰሙት ከቆጥ ላይ ዕቃ እንዲያወርዱ እንደታዘዘ ሰው ነው። «ይወርዳል» ብለው ወጡ።

ለምን እንደቸኮሉ ልንገራችሁ። በሰፈራቸው የመስቀል ቅርጫ አለ፤ ጎረቤቶች አዋጥተው አንድ በሬ ይገዙና ሥጋውን እኩል ይካፈላሉ። በሬውን የሚመርጡት፣ ሰው ሁሉ እስከሚያስታውሰው ድረስ፣ አማቴ ናቸው። ባለፈው መስቀል ግን ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በእጃቸው ዳብሰው መረጡ። ሥጋው አልታኘክ አለ። ክትፎው ተከትፎ፣ እንደገና ተከትፎ፣ አሁንም ጥርስ ላይ ይታገላል። ከቅርጫው አባላት አንዱ፣ ከሰሜን መጥተው ቡታጅራ ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንዱን ጉርሻ ረጅም ጊዜ ሲያኝኩ ቆይተው «ይህ በሬ በጃንሆይ ዘመን ግብር ከፍሏል» አሉ። ሳቁ እስከ ጥምቀት ዘለቀ።

በዚያ ዓመት አባላቱ ተሰብስበው ወሰኑ። የአማቴ ዓይን ከመስቀል በፊት ከተከፈተ በሬውን እሳቸው ይመርጣሉ፤ ካልተከፈተ አስተማሪው።

«ያ ያገርህ ሰው!» አሉኝ አማቴ። ወላጆቼ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውረው ወልቂጤ የቀሩ ስለሆኑ፣ ከሰሜን የመጣ ሰው የሚያጠፋው ሁሉ በእኔ ስም ይመዘገባል። «ያ ያገርህ ሰው እኮ በሬን የሚያየው ከፊት ነው!»

«በየት በኩል ነው የሚታየው?»

«ከኋላ ነዋ! ከፊትማ በሬ ሁሉ ቆንጆ ነው።»

ስለዚህ ግፊቱ መውረድ ነበረበት። አማቴ ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ። ጨው ትተዋል። እኔም እንደ ሚስቴ «እማማ» የምላቸው ባለቤታቸው ደግሞ ነገርን በግማሽ የሚሠሩ ሰው አይደሉም፤ ለአንድ ሰው የተከለከለውን ጨው ከቤቱ በሙሉ አስወጡት። ጎመኑ ያለ ጨው፣ አይቡ ያለ ጨው፣ ወጡ ያለ ጨው ሆነ። ሚጥሚጣ ሲወቀጥ ጨው ይገባበታልና የነበረውን ለጎረቤት ሰጥተው አዲስ አስወቀጡ። የምግብ ሰዓት ጠብቀው «እንዴት ዋላችሁ» ማለት የለመዱ ጎረቤቶች፣ ገና ከበሩ «በልተን ነው የመጣነው» ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ ወላጆቿ ቤት ስንሄድ በመሀረብ ጨው ቋጥራ ትይዝና ከጠረጴዛ ሥር ታቀብለኛለች። በሥራዬ ምክንያት ከእጅ ወደ እጅ በስውር ሲተላለፍ ያየሁት ነገር ብዙ ነው። እንደዚያ በጥንቃቄ የተላለፈ ግን አላየሁም።

ግፊቱ አልወረደም።

ጤና መኮንኗ የደም ምርመራ አዘዘች። የዚያው የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ወጣት ብትሆንም ሽማግሌ አያስፈራትም። ውጤቱን አንብባ፣ «አባባ፣ ደምዎ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ትንሽ ወርዷል» አለቻቸው። «ውሃ የሚያሸናዎት ክኒን ነው ይዞት የሚወጣው። ክኒኑን እኔ አስተካክለዋለሁ፤ እርስዎ ሙዝ ይብሉ፣ ድንች ይብሉ።»

«ማዕድን?» አሉ አማቴ። ከወንበሩ ቀና አሉ።

«አዎ፣ ማዕድን። ልብ በደንብ እንዲመታ ያስፈልጋል።»

«ማዕድን ጎድሎኛል» አሉ አማቴ፤ ዓመታት የፈለጉትን ዕቃ ያገኘ ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የተባለውን፣ ሙዙንም ድንቹንም፣ የሰሙ አልመሰለኝም።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ጉዞዬ ከወልቂጤ ሙዝ ይዤ ተሳፈርኩ። አረቅጥ ላይ የገቡና አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሙዙን አይተው «ለሕፃን ነው?» አሉኝ።

«ለአማቴ ነው።»

«እግዜር ይማርልህ። ጥርስ የላቸውም?»

«ጥርስ አላቸው። ፖታሲየም ነው የሌላቸው።»

እናትየዋ ሙዙን ደግመው አዩና «እሱ ከጥርስ በፊት ነው የሚረግፈው?» አሉ።

ሙዙን አማቴ በአክብሮት ተቀበሉኝ። ለሰፈሩ ሕፃናት አደሉት። «ሙዝ የልጅ ምግብ ነው» አሉ፤ «እኔ የራሴን ጉዳይ ይዤዋለሁ።» ይህን አባባል በቁም ነገር መያዝ ነበረብኝ።

በሚቀጥለው ልኬት ግፊቱ ጭራሽ ጨመረ። ጤና መኮንኗ መለኪያውን ቀየረች። ክንዱን ቀየረች። በመጨረሻ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ጨው ያጎረስኳቸው እኔ የሆንኩ ይመስል። የዓይን ሐኪሙም ቀጠሮውን አራዘመ። መስቀል ግን ቀጠሮ አያራዝምም።

ያን ዕለት እማማ ጓዳ ጠሩኝና በሩን መለስ አደረጉት።

«ያንተ ሥራ የተደበቀ ነገር ማውጣት አይደል?»

«አንዳንዴ።»

«በሬድዮ የምታወጣው የሩቅ ሰው ጉድ ነው። እስቲ ደግሞ የቤትህን አውጣ። ሰውዬው ክትፎ ቤት ይሄዳል።»

«አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«የነገረዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ በምን አወቁ?»

«ሚስቱ ነኝ» አሉ እማማ።

ምንጩ ጠንካራ ነበርና ወደ ክትፎ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ አማቴን በደንብ ያውቃቸዋል። ክትፎ እየበሉ እንደሆነ ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ።

«ከፋሲካ ወዲህ አልበሉም።»

«አይመጡም?»

«ይመጣሉ። በር ላይ ቆመው ያሸታሉ። ‹ዛሬ ቅቤው ጥሩ ነው› ይሉኛል፤ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ‹ኮረሪማው በዝቷል› አሉኝ፤ እውነትም በዝቶ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቆይ፣ ማሽተት ግፊት ይጨምራል እንዴ?»

እንደማላውቅ ነገርኩት። የማያውቁትን አላውቅም ማለት የሥራዬ ግማሽ ነው።

በገበያ ቀን ተከተልኳቸው። ዓይኑ የደከመን ሰው መከታተል ቀላል ይመስላል፤ ቡታጅራ ላይ ግን አይደለም። ከቤታቸው እስከ ከብት ገበያው ድረስ እሳቸውን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔንም እንደዚያው። የባጃጅ ሾፌሩ «አባባ፣ አማችዎ ከኋላ አለ!» አላቸው። ጫማ የሚያድሰው «አባባ፣ ጋዜጠኛው እየተከተለዎት ነው» አላቸው። እሳቸውም ሳይዞሩ «ይከተል፤ መንገዱ የመንግሥት ነው» እያሉ በትራቸውን እያስቀደሙ ሄዱ። ስውር ክትትል ብዬ የጀመርኩት ነገር ገበያው ጋ ስንደርስ ሰልፍ ሊመስል ምንም አልቀረውም።

አማቴ በሬዎቹን አልፈው ወደ አንድ የቆየ ወዳጃቸው አመሩ። ሰውየው ከጎረቤት ከተማ ከቆሼ የሚመጡ ሐጂ ናቸው፤ ለከብት የሚሆን ቦሌ ይሸጣሉ። ቦሌ ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳር የሚቆፈር ግራጫ አፈር ነው፤ ከብት ሲልሰው ይወደዋል፣ ይፋፋበታል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰፈር ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች «አሰላሙ አለይኩም»፣ «ወአለይኩም ሰላም»፣ «ልጆች ደህና?»፣ «ከብቱ ደህና?» ተባባሉ። ሐጂው ከጆንያው ዘግነው በፌስታል ሰጧቸው። አማቴም ፌስታሉን ከፈት አድርገው በሦስት ጣታቸው ቁንጥር አነሱ፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?» አልኳቸው፤ መደበቅ ትርጉም ስላልነበረው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ማዕድን» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከእኔ በላይ የደነገጡት ሐጂው ናቸው።

«ያ አላህ! አንተ ነህ እንዴ የምትበላው? ለበሬ ነው ብለኸኝ!»

«እኔ በሬ የሚል ቃል አልወጣኝም» አሉ አማቴ። «አንተ ነህ በሬ ያልከው።»

ሐጂው ወደ እኔ ዞሩ። «ስማኝ ጋዜጠኛው፣ አንተ ፍረድ። ‹ለስንት ነው?› አልኩት፤ ‹ለአንድ› አለኝ። ‹ወጣት ነው?› አልኩ፤ ‹ሽማግሌ ነው› አለ። ‹ይበላል?› አልኩ፤ ‹ይበላል፤ ግን ዓይኑ ደክሟል፣ ትንሽ ሲሄድም ትንፋሽ ያጥረዋል› አለ። እኔ ‹ሽጠው› አልኩት! ወላሂ፣ ‹ሳይሞትብህ ሽጠው› አልኩት!»

«እኔም ‹የሚገዛኝ የለም› አልኩህ» አሉ አማቴ በእርጋታ። «ውሸት አለበት?»

ሐጂው አሰቡበት። ውሸት አልነበረበትም።

«ለሽማግሌ በሬ ጠዋት ጠዋት እፍኝ ነው ብዬው ነበር» አሉኝ በጭንቀት። «እፍኝ በልቶ ከሆነ ይህ ሰው ቆሞ መሄዱም ተአምር ነው።»

«ሞኝ መሰልኩህ?» አሉ አማቴ። «በሬውን ከራሴ ጋር መዘንኩት። ለእኔ ቁመና የሚደርሰኝ ጠዋት በውሃ የተበጠበጠ ማንኪያ፣ ማታ ቁንጥር ነው።» ስሌቱን የሠሩበት ጥንቃቄ ያስቀና ነበር። አስተማሪው ቢሰሙ ሙሉ ማርክ ይሰጧቸዋል።

ቤት ስንደርስ እማማ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ክትፎ ባለመሆኑ መጀመሪያ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ከዚያ ፌስታሉን ወስደው አሸተቱት።

«አፈር?» አሉ ባላቸውን። «ጨው አልባ ጎመን እየበላሁ ያለሁት አንተ አፈር እንድትልስ ነው?»

አማቴ ካፖርታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እንደሚከራከር ሰው ሳይሆን እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገሩት።

«የመጀመሪያው ምንጬ የዚህ ልጅ ሬድዮ ነው። በጤናው ዝግጅት ላይ ባለሙያው ምን አለ? ‹ደማችን ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኙ ማዕድናት አሉ፤ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሊኒየም። እነዚህ ካነሱ ልብና የደም ሥሮች ይጎዳሉ› አለ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሁለተኛው ምንጬ ጤና መኮንኗ ናት፤ ‹ማዕድን ጎድሎሃል› አለችኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለት ምንጭ ከተገኘ ዜናው ይነበባል የምትለው አንተ አይደለህ?»

እላለሁ። ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ በዚያ ቤት ሳልል የቀረሁበት ቀን የለም።

ባልደረባዬ ዘንድ ደውዬ የዝግጅቱን ቅጂ በቴሌግራም አስላክሁና ከስልኬ አሰማኋቸው። ባለሙያው እውነትም እንደጠቀሱት ተናግሯል። ነገር ግን ትንፋሽ ወስዶ ቀጠለ፦ ማዕድናቱ ሲበዙም እንደዚያው ይጎዳሉ፤ ለአብዛኛው ሰው በምግብ የሚያገኘው ይበቃዋል፤ የጎደለና ያልጎደለ የሚለየው በምርመራ ነው፤ ማንም በግምት አይውሰድ።

«ይሄኛው አልተባለም» አሉ አማቴ።

«ተብሏል አባባ፤ እየሰሙት ነው።»

«መብራት ሄዶ ነበራ!» አሉ እማማ። «‹ይጎዳሉ› ሲል መብራት ሄደ። እኔ ሻማ ፍለጋ ገባሁ።»

«አየህ?» አሉኝ አማቴ። «እኔ መብራቱ እስካለ ድረስ በተባለው ነው የሠራሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን መብራት ኃይልን ጠይቅ።»

ሁለተኛውን ምንጭ ላጣራ ለጤና መኮንኗ ደወልኩና ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት። ነገሩን ነገርኳት።

«የከብቱን ቦሌ?» አለች። «አባባ፣ ጨው የከለከልኩዎት እኮ ውስጡ ሶዲየም ስላለ ነው። ቦሌውም ያንኑ ሶዲየም ሞልቶታል። ውሃ ይይዛል፣ የደም ሥርዎን ይወጥረዋል። የጎደለዎት ፖታሲየም ነው፤ ሌላ ነው።»

«ሁለቱም ማዕድን ናቸው አይደል ልጄ?»

«ጊደርም በሬም ከብት ናቸው። ጊደር ጠምደው ያርሳሉ?»

አማቴ አሰቡ። የማይዋሽ ሰው ጣጣው ይህ ነው። «በችግር ጊዜ ጊደር ሲጠመድ አይቻለሁ» አሉ።

ጤና መኮንኗ በስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ተሰማን።

ከዚያ አማቴ ዋናውን ነገር አመጡ። እስከዚያ ድረስ እልህ ነው ብዬ ነበር፤ አልነበረም። «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሲታ በሬ፣ ጸጉሩ የቆመ፣ ዓይኑ የፈዘዘ በሬ ገዝቼ አመጣለሁ። ቦሌ አስልሰዋለሁ። ጸጉሩ ይተኛል፣ ይበላል፣ ዓይኑ ይጠራል። አንድ ቀን አይደለም ያየሁት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ነው። እኔም ዓይኔ ፈዘዘ። ክኒን ወሰድኩ፣ አልጠራም። ጨው ተውኩ፣ አልጠራም። መስቀል እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?»

ማንም አልሳቀም። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር፤ እኔም በበሬው ላይ የማነሳው ተቃውሞ አልነበረኝም።

እማማ ከጎመኑ ቀና ሳይሉ «ያ በሬ አሁን የት አለ?» አሉ።

«የቱ በሬ?»

«ቦሌ ልሶ ጸጉሩ የተኛው።»

«ታርዷል ነዋ።»

«መቼ?»

«ለመስቀል።»

«ከሱ በፊት የነበረውስ?»

«እሱም ለመስቀል።»

«ቦሌ አስልሰህ ካሳመርካቸው ውስጥ ሁለተኛ መስቀሉን ያየ አለ?»

አማቴ ሊቆጥሩ ጣታቸውን ዘረጉ። አንድም አላጠፉም።

«አንተ በሬውን ለስብ ነው የምታስልሰው» አሉ እማማ። «ከርሞ ልቡ ምን እንደሚሆን ማን ተጨንቆ ያውቃል? ልቡንማ ለውሻ ነው የምንወረውረው።»

ስልኩ ውስጥ ጤና መኮንኗ «እማማ፣ በእኔ ቦታ መሾም የነበረብዎት እርስዎ ነዎት» አለች።

አማቴ ወለሉን አዩ። በልባቸው በሬዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ እስከሚቀጥለው መስቀል ከርመው እንደሆነ የሚጠይቁ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ «እውነት ነው» አሉና ፌስታሉን ገፋ አደረጉት። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ቦሌው በዚያው ቀን ለጎረቤት ላም ሄደ።

ሙዝ መብላት ጀመሩ። በሩን ዘግተው ነው የሚበሉት፤ ልጣጩንም ራሳቸው አውጥተው ይጥሉታል፤ በዕድሜያቸው ሙዝ ሲልጡ መታየት አልፈለጉም። የተቀቀለ ድንች በቆጮ ሲበሉ ግን አላፈሩም። ጤና መኮንኗ አዲሱን ክኒን አስለመደቻቸው፣ ደማቸውን ደጋግማ አስመረመረች። ግፊቱ መጀመሪያ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ጫነ አህያ፣ ዝግ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። እማማ የምሥራቹን በስልክ ሲነግሩኝ «የላይኛው ቁጥር ወርዷል፤ ሰውዬው ግን እንዳለ ነው» አሉኝ።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ሆስፒታሉ በር ላይ አማቴ ቆሙ። ፈርተው ነበር። የፈሩት ግን ቢላውን አልነበረም። «አሁን ሲለካ ቢያሳፍረኝስ?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ነርሷ ስትለካ እኔና እማማ የመለኪያውን መርፌ እያየን ነበር፤ አማቴ ደግሞ የእኛን ፊት ለማየት እየሞከሩ። «ደህና ነው» አለች ነርሷ። እማማ የተቀመጡበትን ወንበር ጠርዝ እስከዚያ ድረስ ጨብጠው እንደነበር ያወቅሁት ሲለቁት ነው።

በማግስቱ የአንደኛው ዓይን ሽፋን ተነሳ። አማቴ ብዙ ጊዜ ጨፈን ገለጥ አደረጉ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ከላይ እስከ ታች መረመሩኝ። «ድምፅህ ረጅም ነበር» አሉ።

ከዚያ ወደ እማማ ዞሩ። እሳቸውን ሲያዩ ቆዩ። እማማ ነጠላቸውን ሳበሳብ አደረጉ።

«ምን ታያለህ?»

«አላረጀሽም» አሉ አማቴ።

እማማ ወደ ነርሷ ዞረው «ልጄ፣ ዓይኑ ገና አልዳነም» አሉ። ነጠላቸውን ግን እንደገና አስተካከሉት።

መስቀል ሲቃረብ የቅርጫው ሰዎች ተሰብስበው ከብት ገበያ ወረዱ። እኔም ከወልቂጤ መጥቼ ነበር። አማቴ በትር አልያዙም። አስተማሪው ቀደም ብለው ገብተው አንድ ግዙፍ ቀይ በሬ ፊት ቆመው አገኘናቸው፤ ጸጉሩ ያብረቀርቃል፣ ቀንዱ የተሳለ ይመስላል።

«በሬ ማለት ይህ ነው!» አሉ አስተማሪው። ሰውም ሁሉ በልቡ ተስማማ። ሻጩ፣ አንገቱ የወፈረ ፊቱ የቀላ ሰው፣ በኩራት ገመዱን ጨበጠ።

አማቴ በሬውን በኋላ በኩል ዞሩት። ጎንበስ አሉ። ጎኑን አዩ። ወደ አንገቱ መጥተው ቆሙ።

«አይሆንም» አሉ።

«ምን ጎድሎት?» አሉ አስተማሪው።

«ቆሞ ሳለ ያለከልካል። ዓይኑ ደም ለብሷል። ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ይቆጣል። እዚህ ጋ፣ አንገቱ ላይ፣ ሥሩ ሲመታ ይታያል።» ቀና አሉ። «ይህ በሬ ግፊት አለበት።»

ሻጩ ጮኸ። «ግፊት? በሬ ደሞ ምን ግፊት አለው!»

«ለክተኸዋል?»

ሻጩ ወደ እኛ፣ ከዚያም ወደ በሬው አየ። አልለካውም። አማቴ ዳር ላይ ቆሞ በዝግታ ወደሚያመሰኳ፣ ማንም ልብ ወዳላለው ቡናማ በሬ ሄዱ፤ ከኋላው ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ይኸኛው ነው» አሉ። በቅርጫው ሥርዓት ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፤ ገመዱን ተቀበሉ።

ስለ ቀዩ በሬ የተባለውን ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ የበሬ ግፊት የሚለካ ሰውም አላገኘሁም። ሰዎቹ ቡናማውን እየነዱ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ። ያን ጊዜ የቀዩ በሬ ሻጭ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ወንድሜ» አለኝ፤ «ሽማግሌው ያሉት ነገር… ቆመህ ማለክለክ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ አንገት ላይ የሥር መምታት… እሱ የት ነው የሚለካው?»

«ለበሬው?»

ግራና ቀኝ አየ። «ለእኔ» አለ።

ጤና ጣቢያው ወዴት እንደሆነ በእጄ አሳየሁት። አመሰገነኝና በሬውን እየጎተተ ወደዚያው አቀና።